የልደታው የበረራ መምህር፦ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ ብዕር ፈጥኖ የሚሮጠው ወደ ተኳሹ ነው። ጀግንነት ሲነሣ በአብዛኛው የሚታሰበው ጠላትን ፊት ለፊት የገጠመው ክንድ ነው፤ ያንን ክንድ ያሠለጠነ፣ ስሕተቱን ያረመ፣ ፍርሃቱን ያስጣለ መምህር ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ ይቀራል። በኢትዮጵያ የአየር ታሪክ ውስጥ ይህ ዕጣ ከደረሳቸው ሰዎች አንዱ ኮሎኔል ጆን ቻርለስ ሮቢንሰን ናቸው።

ሮቢንሰን በፋሽስት ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ የበረሩ ጥቁር አሜሪካዊ መሆናቸውን የሚያውቅ ብዙ ነው። የአገራቸው ጋዜጦች «ቡናማው ኮንዶር» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸዋል፤ ኮንዶር በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ የሚያንዣብብ ግዙፍ አሞራ ነው። ሕይወታቸው ከዳር እስከ ዳር ሲመረመር ግን ከጦርነቱ ወራት ይልቅ ጎልቶ የሚታይ አንድ ረጅም ክር አለበት። ትምህርት የተከለከሉ ሰው፣ በገቡበት ቦታ ሁሉ ለሌሎች የትምህርት በር ሲከፍቱ መኖራቸው ነው ያ ክር። ከገልፍፖርት እስከ ቺካጎ፣ ከቺካጎ እስከ ልደታ ሜዳ ድረስ አልተበጠሰም።

በመጥረጊያ የተገባ ክፍል

ጆን ሮቢንሰን የተወለደው በፍሎሪዳ ግዛት ሲሆን ያደገው በሚሲሲፒ ግዛት በምትገኘው የገልፍፖርት የወደብ ከተማ ነው። አባቱን ገና በሕፃንነቱ አጣ፤ ያሳደጉት እናቱና የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ የነበሩት እንጀራ አባቱ ናቸው። ዘመኑ በዚያ አገር ነጭና ጥቁር በሕግ ተለያይተው የሚኖሩበት ዘመን ነበር። የባቡሩ ፉርጎ፣ የምግብ ቤቱ በር፣ የውሃ መጠጫው ሳይቀር በቆዳ ቀለም ተከፋፍሏል። በገልፍፖርት ለጥቁር ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤት ከ10ኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ከዚያ በላይ የሚመኝ ልጅ ወይ ምኞቱን መቅበር፣ ወይ አገር ለቆ መሄድ ነበረበት።

ልጁ ሁለተኛውን መረጠ። በአላባማ ግዛት ወደሚገኘው ተስኪጊ ተቋም ሄዶ የአውቶሞቢል መካኒክነት ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. ተመረቀ። ተስኪጊ በቡከር ቲ. ዋሽንግተን መሪነት የተመሠረተ፣ የጥቁር ወጣቶች እጅና አእምሮ አብረው እንዲሠለጥኑ የሚተጋ ቤት ነበር። ወጣቱ ሮቢንሰን ከዚያ ይዘው የወጡት እምነት ይህ ነው፤ ሞተርን የሚያውቅ እጅ ጌታ አያስፈልገውም።

ከምረቃ በኋላ ወደ ሰሜን አቅንተው ቺካጎ ገቡ፤ የመኪና ጥገና ሥራም ያዙ። ልባቸው ግን ሰማይ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ልሁን ቢል የሚቀበለው የበረራ ትምህርት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ቤሲ ኮልማን የተባለችው ጥቁር ሴት የአብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ውቅያኖስ ተሻግራ ፈረንሳይ ድረስ መሄድ ግድ ሆኖባት ነበር፤ ፈቃዷን ያገኘችውም እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. ነው። ሮቢንሰን ፈረንሳይ የሚያደርስ ገንዘብ አልነበራቸውም። በቺካጎ ለሚገኘው የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት አመለከቱ፤ ስለ ቀለማቸው በሩ ተዘጋባቸው።

ሰውየው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ሙሉ ጠባያቸውን ይገልጻል። በዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ተማሪዎቹ ሲማሩ መጥረጊያ ይዘው ከክፍሉ ጥግ ያዳምጣሉ፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን በጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀረውን ሥዕልና ቀመር ይገለብጣሉ። ያገኙትንም ለብቻቸው አላስቀሩትም። ከወዳጃቸው ከኮርኔልየስ ኮፊና ከሌሎች ጥቁር መካኒኮች ጋር የጥናት ቡድን መሥርተው፣ ሞተር ብስክሌት ላይ የተፈታ ሞተር የተገጠመላት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በራሳቸው እጅ ሠሩ። በመጨረሻ ሮቢንሰንና ኮፊ በትምህርት ቤቱ ተማሪነት ተቀበሏቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው ወጡ። ብዙ ሳይቆይ ያው ትምህርት ቤት ሁለቱን ለጥቁር ተማሪዎች አስተማሪ አድርጎ ቀጠራቸው። በመጥረጊያ በገቡበት ክፍል ውስጥ ጠመኔ ጨብጠው ቆሙ።

ድንጋይ የተለቀመበት ሜዳ

ዕውቀቱ ቢገኝም መነሻና ማረፊያ አልነበረም። በቺካጎ ዙሪያ የነበሩት የአውሮፕላን ማረፊያዎች ጥቁር አብራሪን አያስጠጉም ነበር። ሮቢንሰንና ጓደኞቻቸው «ቻሌንጀር» የተባለ የአብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ጥቁሮች ራሳቸው በሚያስተዳድሯት በሮቢንስ ከተማም መሬት አገኙ። ዛፉን ነቅለው፣ ድንጋዩን ለቅመው፣ ጉድባውን ሞልተው ማረፊያ ሜዳና መጠለያ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መጠለያውንም አውሮፕላኖቹንም አወደመ። እነሱ ግን ሥራውን አላቆሙም፤ ሃርለም ወደተባለ ሌላ ሜዳ ተዛውረው ማስተማሩን ቀጠሉ።

በዚያ የትምህርት ክበብ ሴቶችም ነበሩበት። ነርሷ ጃኔት ብራግ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ነበረች፤ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት አውሮፕላን ሲታጣ ከደመወዟ ባጠራቀመችው ገንዘብ ገዝታ ለማኅበሩ አቅርባለች። ሮቢንሰን የመሠረቱት ቤት አንዱ የሚሰጥበት፣ ሌላው የሚቀበልበት ብቻ አልነበረም፤ ተማሪው ራሱ የቤቱ ምሰሶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. ሮቢንሰን የተመረቁበትን 10ኛ ዓመት ምክንያት አድርገው ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ተስኪጊ በረሩ። በመንገድ ላይ አንዷ አውሮፕላን ብትሰበርም ጉዞውን አላቋረጡም። የሄዱት ለበዓሉ ብቻ አልነበረም፤ የተቋሙ መሪዎች የበረራ ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ለመወትወት ነበር። የዘሩት ዘር ወዲያው አልበቀለም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቁት የተስኪጊ ጥቁር አብራሪዎች በዚያ ሥፍራ ሲሠለጥኑ፣ ሐሳቡን ቀድመው ካነሡት ሰዎች መካከል የሮቢንሰን ስም ይገኝ ነበር።

የኢትዮጵያ ጥሪ

በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ፋሽስት መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን በኤርትራና በሶማሊያ ሲያከማች፣ የጥቁር ሕዝብ ዓይን በያለበት ወደ አዲስ አበባ ዞረ። አድዋ ላይ የተገኘው የ1888 ዓ.ም. ድል በአሜሪካ ጥቁር ቤተ ክርስቲያኖችና ጋዜጦች ዘንድ የሰው ልጅ የእኩልነት ምስክር ሆኖ ይነገር ነበር። በኒውዮርክና በቺካጎ ብዙዎች ለመዝመት ቢነሡም የአሜሪካ ሕግ ለባዕድ ጦር መሰለፍን ስለሚከለክል ሳይሄዱ ቀሩ።

ሮቢንሰንን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኟቸው የጥቁሮች የዜና ድርጅት ዲሬክተር ክሎድ ባርኔት ናቸው። ባርኔት አብራሪውን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሕክምና ያጠኑ ከነበሩት ከመላኩ በያን ጋር አስተዋወቋቸው። መላኩ በያን ጥቁር አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን አንድ ዕጣ እንዳላቸው የሚያምኑ፣ ዕድሜያቸውንም ለዚህ ሥራ የሰጡ ሰው ነበሩ። ጥሪው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሮቢንሰን የቺካጎ ትምህርት ቤታቸውን ለባልደረቦቻቸው ትተው ተነሡ፤ ግንቦት 1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገቡ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በኮሎኔልነት ማዕረግ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ ሆኑ።

የጠበቃቸው አየር ኃይል በስሙ ትልቅ፣ በቁጥሩ ግን እጅግ ትንሽ ነበር። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ስድስት ዓመታት ከየአገሩ የተገዙ ልዩ ልዩ ዓይነት አውሮፕላኖች ቢገቡም ቁጥራቸው ከደርዘን እምብዛም አይዘልም፤ ከእነሱም ከፊሎቹ መለዋወጫ አጥተው የቆሙ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአብራሪነት ፈቃድ በማግኘት ፈር ቀዳጅ ሆነዋል። በሌላ በኩል ወራሪው ያሰለፋቸው አውሮፕላኖች በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር።

ያልታጠቁ ክንፎች

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ፤ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቹም አድዋን ደበደቡ። ኮሎኔል ሮቢንሰን በዚያ ዕለት መልእክት አድርሰው አድዋ ላይ ነበሩ። በእንቅልፍ ላይ የነበረ ሕዝብ፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ ከሰማይ እሳት ሲወርድበት በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያች ከተማ ተነሥተው የወረራውን ዜና ይዘው ወደ አዲስ አበባ በረሩ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ወራት በዚህ ዓይነት በረራ የተሞሉ ናቸው። ስለ ሮቢንሰን በውጭ ጋዜጦች ብዙ ተጋንኖ ተጽፏል፤ የጠላት አውሮፕላን እንደ ቅጠል እንዳረገፉ አድርገው የተረኩም አልጠፉም። እውነቱ ሌላ ነው። በእጃቸው የነበሩት አውሮፕላኖች ለአየር ውጊያ የታጠቁ አልነበሩም። ሥራቸው ከግንባር ወደ ቤተ መንግሥት፣ ከቤተ መንግሥት ወደ ግንባር መልእክት ማመላለስ፣ መድኃኒት ማድረስ፣ ባለሥልጣንና ቁስለኛ ማጓጓዝ ነበር። የጠላት ተዋጊ አውሮፕላን ሲመጣ መከላከያቸው ደመናና የተራራ ገደል ብቻ ነበር።

በዚያ ላይ የአገሩ አቀማመጥ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ በመሆኑ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፍም የሚሸከመው ክብደት ያንሳል፤ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት በቆላ ከሚበቃው የረዘመ ሜዳ ይፈልጋል። ከሰሜን እስከ ደቡብ የተዘረጋው ተራራና ሸለቆ ማረፊያ አይሰጥም፤ ሞተር ከቆመ ያለው አማራጭ እርሻ ወይም ገደል ነው። ሮቢንሰን ይህንን ሰማይ ያወቁት በካርታ ሳይሆን በየዕለቱ ሕይወታቸውን እያስያዙ ነው። ቆስለዋል፤ ወራሪው በሕዝብ ላይ ካዘነበው የመርዝ ጋዝም አላመለጡም።

በዚያው በጦርነቱ መካከል፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ ተገጣጥማ ወደ አየር ወጣች። የጦርነቱ ሚዛን ግን በአንዲት አውሮፕላን የሚቀየር አልነበረም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ፀሐይም ተማርካ ወደ ኢጣሊያ ተወሰደች።

ሮቢንሰን በዚሁ ወቅት ወደ አገራቸው ተመለሱ። በግንቦት 1928 ዓ.ም. ኒውዮርክና ቺካጎ ሲደርሱ በሺህ የሚቆጠር ጥቁር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። የጀግና አቀባበል ብዙ ሰው ያሰንፋል፤ በንግግርና በፎቶግራፍ የሚኖርበት ስም ይሰጣል። እሳቸው ግን ወዲያው ወደ ለመዱት ሥራ ተመለሱ፤ በቺካጎ በስማቸው የሚጠራ የአየር ትምህርት ቤት ከፈቱ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣም ለአሜሪካ ጦር የአውሮፕላን መካኒኮችን አሠለጠኑ።

ልደታ

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ አየር ኃይሏ ከዜሮ መጀመር ነበረበት። አውሮፕላኖቹ ወድመዋል ወይም ተማርከዋል፤ ከትምህርት ገበታ የተነሡት ወጣቶችም በአርበኝነትና በስደት ተበትነው፣ ብዙዎቹም ተገድለው ነበር። በ1936 ዓ.ም. መንግሥት ሮቢንሰንን ዳግመኛ ጠራ። በዚያን ጊዜ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ምን እንደምታስከፍልም ያውቁ ነበር። ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎችንና የሞተር ባለሙያዎችን አስከትለው መጡ።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ በልደታ ሜዳ ነው። አካባቢው ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ ይጠራል፤ በስሙ ብቻ የዚያን ዘመን ትዝታ ይዟል። በ1938 ዓ.ም. ገደማ የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ቁጥር 75 ያህል ደርሶ ነበር። ከጦርነቱ በፊት አብራሪዎቿ በጣት ይቆጠሩ ለነበሩ አገር ይህ ቁጥር እንደ አዲስ ትውልድ የሚቆጠር ነው።

የበረራ ትምህርት ከሌላው ትምህርት የሚለይበት ጠባይ አለው። መምህርና ተማሪ በአንድ አውሮፕላን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው መሪ ይጨብጣሉ። ሁለቱ መሪዎች የተያያዙ ስለሆኑ ተማሪው ሲስት መምህሩ ስሕተቱን በእጁ ይሰማዋል። ቶሎ ጣልቃ ከገባ ተማሪው አይማርም፤ ከዘገየ ሁለቱም ይሞታሉ። ስለዚህ የበረራ መምህር ትልቁ ጥበብ እጁን ከመሪው አጠገብ አድርጎ ሳይነካ መቆየት፣ መቼ መንካት እንዳለበትም ማወቅ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ይመጣል። መምህሩ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ሜዳው ዳር ይቆማል፤ ተማሪው ብቻውን ይነሣል። ያን ቀን መምህሩ የሚያደርገው ነገር የለም፤ አንጋጦ ማየት ብቻ ነው። ሮቢንሰን ይህንን ቀን በሮቢንስ ሜዳ፣ በሃርለም ሜዳ፣ በልደታ ሜዳ ደጋግመው አይተዋል።

ሜዳው የተጠቀመበት የጦር ሠራዊቱ ብቻ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነው በአየር መንገዱ አውሮፕላን በዋና አብራሪነት በረሩ። ልደታ ላይ የበራው ፋና ያወጀው ነገር በዚህ ቀን እውነትነቱ ታየ፤ መሪውን የሚጨብጠው እጅ የአገሬው ሊሆን ይችላል፣ መሆንም አለበት።

መራራው ምዕራፍ

የባለውለታ ታሪክ ሲነገር ጣፋጩን ብቻ መርጦ መናገር ባለውለታውን ማሳነስ ነው። መንግሥት አየር ኃይሉን በሰፊው ለማደራጀት የስዊድንን እርዳታ መረጠ፤ የቡድኑ መሪም ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ሆኑ። ሥልጠናው ከልደታ ወደ ቢሾፍቱ ዞረ። በሁለቱ ሰዎች መካከል የተነሣው አለመግባባት በ1939 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ወደ ጠብ አደገ፤ ሮቢንሰን ታሰሩ፤ በኋላም ከአየር ኃይሉ ሥራ ተለዩ። መሠረቱን የጣለው ሰው ጣሪያው ሲመታ ከሜዳው ውጪ ቆሞ ቀረ።

ፍርድ ለመስጠት ግን መቸኮል አይገባም። ፎን ሮዘንም በወረራው ዘመን በስዊድን ቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን ለኢትዮጵያ ቁስለኞች የደረሱ ሰው ናቸው፤ በኋላም በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ እርዳታ ሲያደርሱ ጎዴ ላይ ተገድለዋል። ሁለት የኢትዮጵያ ወዳጆች እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ ቀሩ፤ ሁለቱም ሕይወታቸው ያለፈው በኢትዮጵያ ምድር ነው። ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሲያቀርብ አንዱን ለማንሣት ሌላውን መጣል የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም።

የሮቢንሰንን ልክ የሚያሳየው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አኩርፈው አልሄዱም። በአዲስ አበባ ኖሩ፤ ከበረራም አልተለዩም። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እያበረሩ ሳለ አዲስ አበባ ውስጥ ወደቁ። አብረዋቸው የበረሩት ሰው ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ነበሩ። የኢጣሊያ ፋሽስት ጦር የጣለውን ቦምብ አድዋ ላይ ያዩት ሰው፣ የመጨረሻ በረራቸውን ያደረጉት ከአንድ ኢጣሊያዊ ባለሙያ ጎን ተቀምጠው ነው። ጠላታቸው ፋሽዝምና የዘር መድልዎ እንጂ ሕዝብ አልነበረም። መሐንዲሱ ሕይወታቸው አለፈ፤ ሮቢንሰንም በቃጠሎ ክፉኛ ተጎድተው ሆስፒታል ከቆዩ በኋላ በዚያው ወር ዐረፉ። በአዲስ አበባም ተቀበሩ።

በጥር 2016 ዓ.ም. ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን ከ80 ዓመት በላይ በባዕድ አገር ከቆየች በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። ሕዝቡ በደስታ ተቀበላት፤ ይገባታልም። ማሽን ሲመለስ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል፣ ሙዚየም ይቀመጣል። የመምህር ሥራ ግን የሚቀመጥበት መደርደሪያ የለውም። አንዱ ተማሪ ለሌላው እያስተላለፈው፣ ስሙ ከሥራው እየተለየ ይሄዳል፤ ተማሪው አንድ ቀን ራሱ መምህር ሲሆን የሚናገረው ቃል ከማን እንደተማረው ሳያስታውስ ይናገረዋል።

ለዚህ ነው የሮቢንሰን ታሪክ ለአብራሪዎች ብቻ የማይተወው። ጠመኔ ለሚይዝ መምህር፣ በተዘጋ በር ፊት ለቆመ ወጣት፣ ለመድረክ ሰውም ሆነ ለሠዓሊ የሚነግረው አለው። ከክፍሉ ጥግ መጥረጊያ ይዞ ያዳምጥ የነበረው ወጣት፣ የሰማውን ለራሱ ብቻ ቢያስቀር ኖሮ አንድ ጎበዝ አብራሪ ሆኖ ያልፍ ነበር። ያገኘውን ሁሉ ስላካፈለ ግን ቺካጎ ላይ አንድ ትምህርት ቤት፣ ልደታ ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ቆመ። ከሰባ አምስቱ የልደታ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን በተነሡባት ጧት፣ ሜዳው ዳር አንጋጦ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበር።